ፈረሱ የመረጠው ቤት

ሠላሳ ዓመት ሳይሞላኝ ትዝታ ጻፍኩ ብል የሚስቅብኝ አይጠፋም። ይሳቅ። ትዝታ የሽማግሌ ብቻ ነው ያለው ማነው? እኔ ያደግኩባት ደብረ ብርሃን ዓይኔ እያየ ተነቅላ ሌላ ከተማ ተተክሎባታል። በልጅነቴ ፈረስ ውኃ የሚጠጣበት ሜዳ ላይ ዛሬ ባለ አምስት ፎቅ ሆቴል ቆሟል፤ በሩ ላይ ያለው ጥበቃም የት ልትሄጂ ነው ብሎ ይጠይቀኛል። የት እንደምሄድ ባውቅማ ስሜን ያወጡልኝ ሰዎች ባልተሳሳቱ ነበር። ስሜ ትዕግስት ነው። አንድ ቦታ ሁለት ሰዓት መቀመጥ የማልችል ሰው ትዕግስት ብለውኝ እስከ ዛሬ ሰው ይስቃል።

ሰሞኑን ለአባቴ ሙት ዓመት ወደ አንኮበር ልሄድ መናኸሪያው በር ላይ ቆሜ ሚኒባስ ስጠብቅ፣ ብሎኬት የጫነ ጋሪ መጥቶ አጠገቤ ቆመ። ጋሪ አሁን አስፋልት ላይ አይፈቀድለትም፤ በውስጥ ለውስጥ እየተሹለከለከ አሸዋና ብሎኬት ነው የሚያመላልሰው። ፈረሱ ሲተነፍስ ሽታው ደረሰኝ። የፈረስ ላብ፣ የረጠበ ጠፍር፣ ከሥሩ ደግሞ ኮምጠጥ ያለ የአተላ ሽታ። ባለጋሪው "እህቴ፣ ጎማው እንዳይረግጥሽ!" ቢለኝም አልተንቀሳቀስኩም። ሰው ሽቶ ሸትቶት እናቱ ትዝ ትለዋለች ይባላል። እኔን አተላ ነው አባቴን ያስታወሰኝ፤ እንደየኑሯችን ነው።

ያኔ ደብረ ብርሃን የጋሪ ከተማ ነበረች። ባጃጅ ገና አልደረሰባትም፤ ከመናኸሪያ እስከ ገበያ በአንድ ብር፣ ጆንያ የያዘ ሰው ደግሞ በብር ከሃምሳ ይጫን ነበር። ጠዋት ጠዋት ውርጩ የጋሪውን እንጨት ስኳር የነሰነሱበት አስመስሎት ያድራል፤ ፈረሶቹ ከአፍንጫቸው እንደ ማንቆርቆሪያ እንፋሎት ይለቃሉ። እኛ ልጃገረዶቹ ደግሞ በዚያ ብርድ እግራችንን ጥብቅ ባለ ጂንስ ጠፍንገን፣ ከላይ ከልባሽ ተራ የተገዛች አጭር ጃኬት ጣል አድርገን እንንቀጠቀጣለን። ወፍራም ሹራብ የለበሰች የገጠር ናት። ከገበያው ማዕዘን ላይ ቀይ ቀለም የተቀባ ሙዚቃ ቤት ነበር፤ አንድ ዘፈን በሃምሳ ሳንቲም ሚሞሪ ካርድ ላይ ይጭናሉ። ስልክ የሌለን ሁሉ ሚሞሪ ካርድ ነበረን፤ በወረቀት ጠቅልለን ቦርሳችን ውስጥ እንደ ክታብ እንይዘዋለን። የድምፅ ማጉያው ቀኑን ሙሉ ስለማይዘጋ የከተማው ወጣት ሁሉ ሥራ ቢኖረውም ባይኖረውም እዚያ ማዕዘን ላይ ነው የሚውለው። እኔም እዚያ ነበርኩ። አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ውጤት ሳይመጣልኝ፣ ቤት ስቀመጥ ግድግዳው እየተጠጋኝ፣ ማዕዘኑ ላይ ቆሜ የሌሎች ሰዎች አውቶቡስ ሲያልፍ አይ ነበር።

አባቴ ጌታነህ ባለጋሪ ነበር። አንኮበር ተወልዶ፣ በጉርምስናው ወደ ደብረ ብርሃን መጥቶ፣ ከአባቱ የወረሰውን ጥቁር በርኖስ ክረምት ከበጋ ሳያወልቅ የኖረ ሰው። ጅራፍ ይይዛል እንጂ ሲመታበት አላየሁም። ፈረሱ ቦራ ይባላል፤ ግንባሩ ላይ ነጭ ነበረው። አባቴ ይጠጣ ነበር። ይጠጣ ነበር ስል በበዓል አንድ ሁለት ይል ነበር ማለቴ አይደለም። ከገበያው ጀርባ በተደረደሩት አረቄ ቤቶች መለኪያው በሁለት ብር በሚሸጥበት ዘመን፣ አባቴ ጠዋት ሁለት ሦስት ሰው አመላልሶ ወደዚያው ይገባል። ቦራ ደጅ ቆሞ ይጠብቀዋል። ከሰዓት በኋላ አረቄ ሻጮቹ ብብቱን ይዘው ጋሪው ላይ ያስተኙታል፤ ቦራም ማንም ሳይነዳው፣ መኪና ሲመጣ ጥግ እየያዘ፣ ቀስ ብሎ ቤታችን ደጃፍ ድረስ ያመጣዋል። "በጌታነህ ጋሪ ነጂው ቦራ፣ ጭነቱ ጌታነህ" ይሉ ነበር ጎረቤቶቻችን። ሰክሮ የሚስቅ፣ ሰክሮ የሚዘፍን፣ ሰክሮ እግሬን ሳሙኝ የሚል ሰው ነበር። የሚመታ ቢሆን ጠልቼው ባረፍኩ። ቀልደኛ ሰካራም ግን ለመጥላትም አይመች፤ ሰው ሁሉ ይወደዋል፣ የሚያፍረው ቤተሰቡ ብቻ ነው።

ስንት ጊዜ ተወ! ጸበል ገብቶ ተወ። በገብርኤል ስም ምሎ ተወ። አንዴ ጉድጓድ ውስጥ ወድቆ ሲነሳ "በቃኝ" ብሎ ተወ። እናቴ አስካለ በየጊዜው እውነት እየመሰላት ነጠላዋን ታጥባለች፤ ቤተ ክርስቲያን አብረው ሊሄዱ። ነጠላዋ ደርቆ ሳይታጠፍ ቦራ ጭነቱን ይዞ ይመጣል። እኔ ከአሥር ዓመቴ ጀምሮ ማመን አቁሜያለሁ። ሰው ይለወጣል የሚሉትን ነገር የቄስና የፊልም ወሬ አድርጌ ነበር የምቆጥረው።

ከዕለታት በአንዱ፣ በኅዳር ማርያም፣ ፀሐይዋ ወደ ምዕራብ ዘንበል ስትል እናቴ ጠራችኝ። "ትዕግስት፣ ሂጂና እዪው፤ ቦራ ዘግይቷል።" አባትሽ ዘግይቷል አላለችም። ሰዓት የሚያከብረው ፈረሱ ነዋ።

አረቄ ቤቶቹ ጋ ስሄድ ከወጣ ቆይቷል አሉኝ። የጎማውን ፈለግ ሳይሆን የሰውን ሳቅ ተከትዬ እትዬ በላይነሽ ግቢ ደረስኩ። እትዬ በላይነሽ ጠላ ነጋዴ ናት፤ አባቴ ብቅሏን ከገበያ ሲያደርስላት ለቦራ ሁልጊዜ አንድ ገንዳ አተላ ትሰጠዋለች። የዚያን ዕለት ደግሞ የማርያም ማኅበር ተራዋ ደርሶ ግቢዋ ሰው በሰው ሆኗል፤ የቆርቆሮ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ የጠላው ሽታ መንገዱን ሞልቶታል። ጋሪያችን ግቢው መሐል ቆሟል። ቦራ አንገቱን ገንዳው ውስጥ ቀብሮ ቀና እንኳ አላለም።

"ነይ ግቢ ትዕግስትዬ" አለችኝ እትዬ በላይነሽ እንባዋ እስኪመጣ እየሳቀች። "አባትሽ እንግዳ ሆኖልን ዋለ።"

"ማን ጠርቶት?"

"ቦራ! በሩን በደረቱ ገፍቶት ገባ። አባትሽ ጋሪው ላይ ተኝቷል። እንመልሰው ስንል ቄሱ በማርያም ቀን ደጅ የመጣ አይመለስም ብለው አስገቡት።"

በሩ ላይ ቆሜ አየሁት። ማኅበርተኛው ሣር በተጎዘጎዘበት ቤት በአግዳሚ ወንበር ዙሪያውን ተቀምጧል። አባቴ በርኖሱን እንደለበሰ ከመጨረሻው ጫፍ ላይ፣ ግድግዳ ተደግፎ ያንቀላፋል። ጠላ የሚያዞሩት ሴቶች እሱ ጋ ሲደርሱ እየዘለሉት ነው። ሰክሯል፣ ምን ይጨመርለታል።

ጸሎቱ ተጠናቋል፣ ዳቦው ተቆርሷል፣ የቀረው ጽዋዋን ማስረከብ ነው። ይህን የማያውቅ የለም ብዬ ነበር፤ የአዲስ አበባ ጓደኞቼ ግን እየረሱት ነው። ማኅበርተኞቹ በየወሩ በየተራ ይደግሳሉ። የደገሰው ሰው ጠላ የተቀዳባትን፣ በነጭ ጨርቅ የተሸፈነችውን ጽዋ ለሚቀጥለው ተረኛ ያስረክባል። ጽዋዋን በእጁ የተቀበለ ሰው በሚቀጥለው ወር ድግሱ የእሱ ነው። መመለስ የለም። ጽዋ የመለሰ ሰው ማርያምን ከደጁ የመለሰ ማለት ነው።

የማኅበሩ ሙሴ ጋሽ ወልዴ ነበር። ሙሴ የሚሉት የማኅበሩን አለቃ ነው፤ ጋሽ ወልዴ ደግሞ ጡረታ የወጣ የመንገድ ሠራተኛ፣ ነገሩን ሁሉ እንደ ጠጠር አስተካክሎ የሚያነጥፍ ሰው። ጽዋዋን ከፍ አድርጎ ያዘና "ተረኛዋ እህታችን ታማ ደሴ ልጇ ዘንድ ሄዳለች" አለ። "እንግዲህ ታኅሣሥን ማን ይቀበልልን?"

ሁሉም ጉዝጓዙን ያያል። ድንገተኛ ተራ ማንም አይወድም። የአንዱ ልጅ ሊዳር ነው፣ የአንዷ ገብስ ገና አልተወቃም። ጋሽ ወልዴ ጽዋዋን እንደያዘ በየሰዉ ፊት ቀስ እያለ አለፈ፤ ፊቱ የደረሰበት ሁሉ ያስለዋል። አባቴ ጋ ሲደርስ አባቴ አንድ ዓይኑን ገለጠ። ዕቃ አየ። ጠላ ሸተተው። ሁለት እጁን ዘረጋና፦

"ወዲህ በሉት እንጂ! እኔ እስካሁን አልደረሰኝም!"

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። አንዷ ሴትዮ "ኧረ ጌታነህ፣ ይቺ እኮ የምትጠጣ አይደለችም፤ የምትደገስ ናት!" አለች። እኔ በሩ ላይ ሆኜ መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ጋሽ ወልዴም ሊያልፈው እግሩን አነሳ። ያን ጊዜ ቄሱ በትራቸውን መሬት ላይ መታ አደረጉ።

"ቁም ወልዴ። እጁን ዘርግቷል።"

"አባ፣ ሰክሮ እኮ ነው። ጠላ መስሎት ነው።"

"እኛ አልሰከርንም። አንዳችን እንኳ አንድ እጅ አላነሳንም። እሱ ሁለቱን ዘርግቷል። ስጠው።"

ሳቁ ቆመ። ጋሽ ወልዴ ጽዋዋን አባቴ እጅ ላይ አስቀመጣት። አባቴ ጨርቁን አየ፣ ሰውን አየ። "ምንድን ነው?" አለ።

"የሚመጣው ማርያም አንተ ቤት ነን" አሉት ቄሱ።

ይቀልዳል ብዬ ጠበቅኩ። አባቴ ያለ ቀልድ ከምንም ነገር ወጥቶ አያውቅም። ግን አልቀለደም። ተነሳ፤ ተመልሶ ተቀመጠ፤ እንደገና ተነሳ። ደንቡ ነውና ማኅበርተኛው ሁሉ እየዘመረ ጽዋዋን እስከ አዲሱ ተረኛ ቤት ሊሸኝ ወጣ። አባቴ ከፊት፣ ጽዋዋን በሁለት እጁ ደረቱ ላይ ይዞ፤ ቄሱና ጋሽ ወልዴ በግራ በቀኝ፣ ቢወድቅ ሊይዙት፤ ከኋላ ሕዝቡ፤ ከሕዝቡ ኋላ ባዶ ጋሪ የሚጎትት ቦራ፤ ከሁሉም ኋላ እኔ።

መንገዱ በሙዚቃ ቤቱ ማዕዘን ነው የሚያልፈው። ሌላ መንገድ የለም፣ ቢኖርም ጽዋ በጓሮ አይዞርም። የማውቀው ሰው ሁሉ እዚያ ቆሟል። ለክብር ብለው ሙዚቃውን ቀነሱት፤ ባይቀንሱት ይሻለኝ ነበር፣ የሚሉትን አልሰማም ነበር። አንደኛው "ትዕግስት፣ አባትሽ ደገሰ ወይስ መነኮሰ?" አለኝ። ሌላዋ፣ አብራኝ የተማረች፣ "ቦራ ነው የደገሰው!" አለች። ሳቁ። አባቴ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ለሳቅ ቀና አላለም፤ አንገቱን ደፍቶ መሬት መሬቱን እያየ፣ አንድ እግሩን አንስቶ እስኪያሳርፍ ዘመን እየፈጀ ይሄዳል። ሰልፉ ማዕዘኑን ሲታጠፍ እኔ ከኋላ ሆኜ ያንን መንገዳገድ አየሁ። እዚያው ማዕዘን ላይ፣ ከቀዩ ግድግዳ ፊት ለፊት፣ ከዚህ ከተማ እሄዳለሁ አልኩ። እሄዳለሁ ማለት የዘወትር ወሬዬ ነበር፤ የዚያን ዕለት ግን ውስጤ የሆነ ነገር እንደ በር ጠቅ ብሎ ተዘጋ።

እናቴ ዝማሬውን ሰምታ ወጣች። አባቴን አየችው። የያዘውን አየች። "ምን ይዘህ ነው የመጣኸው አንተ ሰው?" አለች፤ ወዲያው ደግሞ አፏን በእጇ ሸፍና እልል አለች። እያለቀሰች ይሁን እየተናደደች እስከ ዛሬ አልለየሁትም። ጽዋዋ ከአልጋው በላይ ባለው መደርደሪያ ላይ በጨርቋ ተቀመጠች። አባቴ በዚያች ምሽት ቤት አልተኛም። ቦራ ጋ፣ ጋጣው ውስጥ፣ ገለባ ላይ ተኛ። በሚቀጥሉትም ቀናት እንዲሁ። ሰውነቱ አረቄውን ሲያጣ ይንቀጠቀጥ ጀመረ፤ ላቡ በዚያ ውርጭ በርኖሱን አልፎ ይወጣል። እናቴ የሱፍ ባና ይዛ ሄዳ "ቤት ግባ፣ ትሞታለህ" ስትለው የመለሰላትን በመስኮት ሰምቻለሁ። "እሷ ፊት አልንቀጠቀጥም" አላት። እሷ ያላት ጽዋዋን ነው። ቦራ ደግሞ ሲንቀጠቀጥ ብዙ ጊዜ አይቶታል፤ አያፍረውም።

እናቴ ጌሾ መውቀጥ ጀመረች። ብቅሉ በረንዳው ላይ ተሰጣ። አንድ ቀን ብቅሉን እያገላበጠች፣ "ትዕግስት፣ አሁንስ የተወ ይመስለኛል" አለችኝ።

"እማዬ፣ እስከ ገና ጠብቂ።"

"አንቺ ደግሞ ያቺ ምላስሽ! አታዪውም? ስንት ቀኑ ነው እኮ።"

"ነጠላሽን እንዳታጥቢው ብቻ።"

ከጋጣው በኩል ሳል ተሰማ። ሰምቶን ይሁን አይሁን አላውቅም። እናቴ ግን ነጠላዋን በማግስቱ አጠበችው።

የጓደኛዬ አክስት መርካቶ የተዘጋጀ ልብስ የምትሸጥበት ሱቅ ነበራት፤ ሠራተኛ ፈልጋ ነበርና ለታኅሣሥ ማርያም ጥቂት ቀናት ሲቀሩ ነይ ተባልኩ። እናቴ ድግሱን አሳልፊና ሂጂ ብትለኝ አሻፈረኝ አልኩ። ቦታው ይያዝብኛል አልኩ። ቦታው አይያዝም ነበር። በድግሱ ቀን አባቴ ሰክሮ ቄሱ ፊት ሲወድቅ ማየት አልፈለግኩም፤ እንደሚወድቅ በፀሐይ መውጣት እንደማምን ነበር የማምነው።

መናኸሪያ ያደረሰኝ እሱ ነው። ጋሪው ላይ ከጎኑ ተቀመጥኩ። ፂሙን ተላጭቷል፤ ልጓሙን በሁለት እጁ ይዟል። ለመጀመሪያ ጊዜ አባቴ ፈረስ ፈረስ ብቻ ይሸት ነበር። ይህን ያስተዋልኩት ግን ያኔ አይደለም፤ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ያኔ የማየው ጫማዬን ነበር፤ ነጭ ሸራ ጫማ፣ ከልባሽ ተራ፣ አዲስ አበባ እስክደርስ እንዳይቆሽሽ።

"ለማርያም ትመጫለሽ?" አለኝ።

"ሥራ ነው እኮ አባዬ። እንዴት አድርጌ?"

"ከአዲስ አበባ የሚነሳው መኪና ስንት ሰዓት ነው እዚህ የሚገባው?"

"እኔ ምን አውቄ። ከሰዓት በኋላ ነው መሰለኝ።"

"እንግዲያው ዳቦ እናቆይልሻለን" አለ። እንደዚህ አይነት ነገር ሰው ለሁሉም ይላል፤ በሬ ታርዶ ላላየ ሰው እንኳ እግር አስቀመጥንልህ ይባላል። ወረድኩ። ቦራ አንገቱን አዙሮ አየኝ። አባቴ አልወረደም፤ ጋሪው ላይ ሆኖ አውቶቡሱ እስኪወጣ ጠበቀ። በመስኮት እጄን ማንሳቴን አላስታውስም።

ከዚያ በኋላ ያለው ወሬ አጭር ነው፤ የእኔን ዓመታት ስናገር ሁልጊዜ አጭር ይሆንብኛል። ከአንዱ ሱቅ ወደ አንዱ፣ ከአንዱ ኪራይ ቤት ወደ አንዱ። ለፋሲካ እመጣለሁ፣ አድሬ እመለሳለሁ። ስመጣ አባቴ ጉንጬን ሲስመኝ ትንፋሹን አሸታለሁ። ዛሬ ባይሸት ነገ ይሸታል ብዬ ነው። ሻንጣዬን ሳልፈታ ነው የማድረው። እሱም ያውቅ ነበር መሰለኝ፣ ሲስመኝ ትንሽ ቆየት ይላል፤ ልክ የትምህርት ቤት በር ላይ ኪሱን እንደሚያስፈትሽ ሰው። በስልክ "እንዴት ነህ?" ስለው "እመቤቴ ትመስገን" ይላል። "ፈረሱስ?" "እሱም።" አለቀ። ባጃጆቹ ከተማውን ሲሞሉት ጋሪ ከአስፋልት ወረደ፤ አባቴ ቦራን አንኮበር ወንድሙ ዘንድ ወስዶ አሰማራው፤ እሱ ደግሞ እህል በረንዳ ሚዛን ጠባቂ ሆነ። ይህንን ሁሉ እናቴ ናት የነገረችኝ። ዓምና የድሮው አረቄ ጉበቱ ውስጥ ቆይቶ ጠራው። እንደ ፈቃዱ አንኮበር፣ ከአባቶቹ አጠገብ ተቀበረ።

በለቅሶው ድንኳን ውስጥ ሰው ስለ አባቴ ሲያወራ እሰማ ነበር። አንዱ "ከወንድሜ ያስታረቀኝ እሱ ነው" ይላል። ሌላዋ "ልጄን ክርስትና ያነሳልኝ" ትላለች። አንድ ወፍራም ሰውዬ "ጌታነህ ቁጭ ብሎ ሲያዳምጥህ እኮ፣ ሌላ ሥራ ያለው አይመስልም ነበር" ብሎ አለቀሰ። የትኛው ጌታነህ? ብዬ ልጠይቅ ምንም አልቀረኝ። እኔ የማውቀው ሰው ሁሉ ሲስቅበት የሚስቅ፣ ጋሪ ላይ የሚጫን ነው። ይኼኛውን ጎረቤት ያውቀዋል፣ እህል በረንዳ ያውቀዋል፣ ክርስትና የተነሱ ሕፃናት ያውቁታል። ልጁ አታውቀውም። ሞቶብኝ ነው ያለቀስኩት ወይስ ሳልተዋወቀው ስለቀረሁ፣ ዓመቱን ሙሉ አስቤ አልደረስኩበትም።

እና ሰሞኑን፣ ጋሪው ሄዶ ሚኒባሱ ሲመጣ፣ ከጎኔ የተቀመጡት ሰው ጋሽ ወልዴ ሆነው ተገኙ። አንቱ ልበላቸው፤ በትዝታዬ አንተ እያልኩ ጻፍኩ እንጂ ሸምግለዋል። እሳቸውም ወደ ሙት ዓመቱ እየሄዱ ነው። ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበር ሲወጣ ሜዳው በጉም ይዋጣል፤ የገብሱ ክምር እየታየ እየጠፋ፣ ሾፌሩ ጡሩምባ እየነፋ ነው የሚሄደው። ብዙ መንገድ ከሄድን በኋላ ድንገት "ዳቦው አልቆረስ እያለ ስንት ዓመት አስቸገረን!" ብለው ሳቁ።

"የቱ ዳቦ?"

"የእናንተ ቤት ነዋ። አባትሽ በዓመት አንዴ ተራው ሲደርሰው፣ ጸሎቱ አልቆ ቄሱ ቢላዋ ሲያነሱ፣ ትንሽ እንቆይ ይላል። የአዲስ አበባው መኪና አልገባም ይላል። እኛ ጾማችንን ውለን አንጀታችን ይጮኻል!"

ወደ እሳቸው ዞርኩ። "ሁልጊዜ?"

"ሁልጊዜ። የመጀመሪያው ዓመትማ ቦራን መናኸሪያ ልኮት ነበር።"

"ብቻውን?"

"መንገዱን ያውቅ የለ? ባዶ ጋሪ ይዞ ሄደ። ቆይቶ ቆይቶ ባዶ ጋሪ ይዞ ተመለሰ። እሱን ስናይ ነው የቆረስነው። ቦራ አንኮበር ከሄደ ወዲህ ደግሞ አባትሽ የመኪናውን ጡሩምባ ይሰማል። ሲነፋ ትንሽ ይጠብቃል፣ በሩን ያያል፣ ከዚያ ቁረሱ ይላል።"

"ለምንድን ነው ያልነገራችሁኝ?" ጮኼ ነው መሰለኝ ሰው ዞረ።

"እንዳትነግሯት አለን። ተጠርታ ከመጣች ለእኔ አዝና ነው የምትመጣው አለ። እንደ ቦራ በራሷ እግር ትምጣ አለ።"

ጉሙ መስኮቱ ላይ ውኃ ሆኖ ይወርዳል። ዓመቱን ሙሉ ማንን እንደምጠይቅ ያጣሁለትን ጥያቄ ጠየቅኳቸው፦ ምን አስተወው?

"ይህንኑ እኔም ጠይቄው ነበር" አሉ። "ቄሱ የተናገሩት ነው ወይ? ስለው፣ አይ አለኝ። ማርያም ናት? ስለው፣ እሷስ ድሮም ነበረች አለኝ። ጽዋዋን ይዤ ስሄድ ጠላው እንዳይፈስ ብዬ ወደ ታች አየሁ፤ እግሬን አየሁት አለኝ። ሰው ሲሰክር እግሩን አያይም፣ ሰማይ ነው የሚያየው። እግሬ እንደ ልጅ እግር ሲውተረተር አየሁትና አዘንኩለት አለኝ። ሌላ ነገር የለም፤ እግሩ ነው ያሳዘነው።"

እኔም ያንኑ እግር ነበር ያየሁት። በዚያችው ደቂቃ፣ በዚያው ማዕዘን፣ እኔ ከኋላ እሱ ከላይ። እሱ አይቶት ወደ ቤት ዞረ፤ እኔ አይቼው ከቤት ወጣሁ። ሰው ሕይወቱን የሚለውጥባት ቅጽበት ነጋሪት እየተጎሰመላት የምትመጣ ይመስለኝ ነበር፤ ያኔ አይቼ እለያታለሁ ብዬ። ከውጭ ሲያዩአት ግን መንገዳገድ ናት የምትመስለው። ይህን ያወቅኩት ማወቄ ለማንም በማይጠቅምበት ሰዓት፣ አንኮበር መንገድ ላይ፣ ጉም ውስጥ ነው። ፀፀቴ በመሄዴ አይደለም፤ እዚያ ማዕዘን ላይ ቆሜ ብቀር እብድ ነበርኩ። ሄጄ ግን አንድ ቀን፣ አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ዞር ብዬ ብመጣ ምን ነበረበት? መኪናው እኮ በየቀኑ ይመጣ ነበር።

ሙት ዓመቱ አለፈ። ቦራን አየሁት፤ አርጅቷል፣ አከርካሪው ጎብጧል፣ ግንባሩ ላይ ያለው ነጭ ከሽበቱ ጋር ተቀላቅሏል። ስጠጋው አሸተተኝ፣ ከዚያ ሣሩን ቀጠለ። አተላ አልያዝኩም ነበር።

በዚያኑ ዕለት አዲስ አበባ ልመለስ ነበር አሳቤ። ጋሽ ወልዴ ግን ሲለዩኝ፣ "ማርያም ከነገ ወዲያ ናት፤ ተራው የእናትሽ ነው" ብለው ከዚህ በላይ አልተናገሩም። ሱቁ ደወልኩና አልመጣም አልኩ። ደብረ ብርሃን፣ እናቴ ቤት፣ ሻንጣዬን ፈታሁ።

በማርያም ዕለት ሰዉ ተሰበሰበ። የድሮዎቹ ግማሾቹ የሉም፤ እትዬ በላይነሽ በከዘራ ነው የመጣችው። ሣሩን የጎዘጎዝኩት እኔ ነኝ፣ ጠላውንም እኔ ነኝ ያዞርኩት። ዳቦው መሐል ላይ ተቀመጠ፤ አዲሱ ቄስ፣ ወጣት ናቸው፣ ጸሎቱን ጨርሰው ቢላዋውን አነሱ። እናቴ ከጓዳ በር ላይ፣ አስባበት የተናገረችው አይመስለኝም፣ "ትንሽ ብንቆይ... መኪናው" አለችና አፏን በነጠላዋ ያዘች።

ቢላዋው አየር ላይ ቀረ። ማንም አልሳቀም። ከአስፋልቱ በኩል የአውቶቡስ ጡሩምባ ረዘም አድርጎ ተነፋ፤ የአዲስ አበባው ነው። እንደ ልማዳቸው ሁሉም በአንድ ላይ ወደ በሩ ዞሩ።

"አስካለ፣ ገብታለች እኮ" አሉ ጋሽ ወልዴ። "ቁረሱ።"

እኔም ሳላስበው ከሁሉም ጋር ዞሬ በሩን አየሁ።